የቅርብ ጎረቤትና የሩቅ ዘመድ
በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቅሬ፣ የረሃብና የሰፈራ ታሪክ

በኅዳር ወር 1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ከወረኢሉ አውራጃ የተላከ የረሃብ ወሬ አዲስ አበባ፣ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። የአካባቢው ፖሊስ የነገሩን እውነትነት ካወቀ ገና አንድ ወር ያህል ቢሆነው ነው። ወሬው ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ ግን 302 ቀን ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱም ሚኒስቴሩ ተገቢውን እንዲያደርግ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩ በበኩሉ የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ተዘጋጅቶ እንዲላክለት የወሎን ሹማምንት ጠየቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መጠነኛ እርዳታ እንዲታደል ተፈቀደ።

ሚኒስቴሩ የጠየቀው የስም ዝርዝር በወረኢሉም ሆነ በጎረቤቱ በቦረና አውራጃ ለሚኖር ገበሬ አዲስ ነገር አልነበረም። በዚያ አገር ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ ከጉብታ ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ማን እንደ ሞተ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚቀበር ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወሬ በአንድ በኩል በግማሽ ቀን አገር ሲያዳርስ፣ በሌላ በኩል ወደ ላይ ለመውጣት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ድረስ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል፣ ልዩነቱ የመንገድ ርዝመት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት የሰዎች ትስስር መኖሩንና በሁለቱ መካከል መሸጋገሪያ አለመኖሩን ያመለክታል። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሕዝብ የቅርብ ዘመን ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ጉድለት ታሪክ ነው።

አገሩና ሕዝቡ

ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚያመራው መንገድ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ በአቀስታ በኩል አቋርጦ ወደ ቦረና ዋና ከተማ ወደ መካነ ሰላም ይዘልቃል። አገሩ በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ ሸለቆ የታጠረ ነው። በላይኛው ደጋ ገብስ በበልግ ዝናብ ይዘራል፤ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ወደ ሸለቆዎቹ ሲወርዱ ደግሞ ማሽላ ይበቅላል። የቦታዎቹ ስሞች ራሳቸው ስለ ነዋሪው ይመሰክራሉ። ቦረናና ለጋምቦ ከኦሮሞ የመጡ ስሞች ናቸው፤ መካነ ሰላም ግዕዝ ነው፤ ቱሉ አውሊያ ደግሞ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ ነው።

ይህ መደባለቅ በሰላም ብቻ የመጣ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ የወረ ሂመኑ ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተዋጉ። ከተራው ሕዝብ ውስጥ አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ በልቡ የያዘውን ይዞ በአፉ የታዘዘውን ተናገረ፣ ሌላው እንደ ታዘዘው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ መሐመድና ተስፋዬ፣ ፋጡማና ወለተ ማርያም አብረው መገኘታቸው በወሎ የሚያስገርም መሆኑ ቀረ። ዛሬ የወሎ መቻቻል ተብሎ የሚወደሰው ነገር ሲነገር ይህ የግዴታ ዘመን የሚዘለልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መዘለል ግን አልነበረበትም። ሕዝቡ በሃይማኖት ስም ቤተሰቡ እንዳይከፈልበት ሲል በሃይማኖት ላይ ያልቆመ ሌላ ማሰሪያ ያስፈልገው ነበር። ይህም ማሰሪያ ጉርብትናና መቃብር ሆነ።

የቅሬ ሥርዓት

ቅሬ በሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር ከሚባለው ጋር የተቀራረበ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ላይ ይጥላል። የከተማው ዕድር በ20ኛው ምእት ዓመት የገነነ፣ መዝገብና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር ነው። የወሎ ገጠር ቅሬ ግን ከገንዘብ ይልቅ በጉልበት፣ በእህልና በመገኘት የሚከፈል ነው። ሰው ሲሞት ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ አስከሬኑን በቃሬዛ ይሸከማሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሟቹ ክርስቲያን ቢሆን ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸኛል፤ ሟቹ ሙስሊም ቢሆን ክርስቲያኑ ከመቃብሩ ላይ አፈር ያለብሳል። እርድ በየሃይማኖቱ ለየብቻ ይሆናል፤ ኀዘኑ ግን የጋራ ነው።

የቅሬ አባልነት በሰው ሳይሆን በቤት ነው፤ አባወራው ሲሞት ባለቤቱ ትተካለች። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ቀርቦ ይቀጣል። ቅጣቱ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፤ ደጋግሞ ያጠፋ ግን ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው በሕይወቱ ሳለ የሚጎድለው ብዙ አይመስልም፤ እርሻው ያው፣ ቤቱ ያው ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ሰው የሞተ ዕለት ማንም ደጁን አይረግጥም። እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም። እንዲህ ያለውን ቅጣት ችሎ የሚኖር ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ሽማግሌ ልከው፣ ድንጋይ ተሸክመው ይመለሳሉ።

የቅሬ ኃይል እንግዲህ ከቀብር በላይ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሌባ ሲጠፋ አውጫጭ የሚደረገው ቅሬው በተሰበሰበበት ነው። የተጣሉ ይታረቁበታል፣ ደም የተቃቡ ሰዎች ደም እንዲያደርቁ ነገሩ ወደ አበጋር ይመራበታል፣ ምንጭ የሚጠረግበትና መንገድ የሚጠገንበት ቀን ይቆረጥበታል። ከቅሬው ጎን ለጎን ሌሎች ማሰሪያዎች አሉ፤ በሬ የሌለው በአንዱ በሬው የሚቀናጅበት መቀናጆ፣ ጉልበት የሚበዳደሩበት ወንፈልና ደቦ፣ ላም ያለው ለሌለው አርቢ የሚሰጥበት የርቢ ውል፣ የክርስቲያኑ ማኅበርና ሰንበቴ፣ የሙስሊሙ ወዳጃ፣ የሴቶቹ ዱበርቲ፣ አበልጅነትና የጡት ልጅነት። እነዚህ ሁሉ በስም ይለያዩ እንጂ በሰዎቹ አንድ ናቸው። በሬውን የሚያቀናጅ ሰው መቃብርም የሚቆፍር፣ ለሽምግልናም የሚላክ ያው ጎረቤት ነው። ከአንዱ ጋር መጣላት ከሁሉም መቆረጥ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ጥብቅ ትስስር በሰው ጠባይ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በዓይን ማየት ይቻላል። ገበሬው ከጎረቤቱ ተለይቶ አዲስ ዘር መዝራትን፣ በዓል ሽሮ ማረስን፣ ልጁን ሳይድር ማቆየትን የሚፈራው ከሕግ ይልቅ ከሰው አፍ የተነሣ ነው። ለብዙ ዘመን የልጅነት ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ያጸናው፣ አዋጅም የማይደፍረው፣ ይኸው የሰው አፍ ነው። በሌላ በኩል ሚስቱን የሚደበድብን፣ የሙት ልጅ ሀብት የሚበላን፣ አባቱን የማይጦርን ሰው የሚገታውም እርሱው ነው። ትስስር ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ብዙ አያራምድም። ቅሬውም ቢሆን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም ነበር፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በቡዳነት እየተጠረጠሩ በአያሌ የደጋ መንደሮች በጉርብትናው ውስጥ እንደ ግማሽ ሰው ይታዩ ነበር። የመረቡን ጥብቀት የሚያወድስ ሰው ከመረቡ ውጭ የቀሩትንም ሊቆጥር ይገባዋል።

ትስስር ከጤናና ከዕድሜ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ የውጭ አገር ሊቃውንት ያስተዋሉት ቀደም ብለው ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ራስን መግደል የግል ሐዘን ብቻ ሳይሆን ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር ባለው ትስስር መላላት የሚጨምር ነገር መሆኑን አስረዳ። ሊሳ በርክማንና ሌናርድ ሳይም ደግሞ በካሊፎርኒያ በአላሜዳ አውራጃ 6,928 ጎልማሶችን ለ9 ዓመታት ተከታትለው በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ የትዳር፣ የወዳጅ፣ የዘመድና የማኅበር ግንኙነታቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ግንኙነታቸው ሰፊ ከሆነው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ይህም የሚያጨሱትንና የማያጨሱትን፣ ሀብታሙንና ድሃውን ለይተው ካመዛዘኑ በኋላ ነው። ለአላሜዳ ሰው ይህ ግኝት አዲስ ነገር ሆኖ ሊታይ ይችላል። የቦረና ገበሬ ቢሰማው ምናልባት የሚገርመው ነገሩን ለማወቅ 9 ዓመት መጠበቅ ማስፈለጉ ነበር።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲራብ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በደህና ዘመን እውነት ነው። በሬው የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ በሽታ የጣለው ሰው የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው ስለ ገጠር ዕድሮች ያደረጉት ጥናት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አንድን ቤት ለይቶ የሚመታን ሞትና ሕመም ለመሸከም እጅግ ጠንካራ ናቸው። ድርቅ ግን ቤት አይለይም። የበልግ ዝናብ በለጋምቦ ደጋ ሲቀር የአበዳሪውም የተበዳሪውም ጎተራ በአንድ ወር ይራቆታል፤ የሚቀናጁት ሁለቱም በሬዎች በአንድ ገበያ ላይ ይቀርባሉ፤ ሁሉም ሻጭ ሲሆን ገዢ ይጠፋል፤ የከብት ዋጋ ሲወድቅ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በዚህ ጊዜ የቅርብ ጎረቤት ከሐዘን በስተቀር የሚያካፍለው የለውም። ደሳለኝ ራሕመቶ በአምባሰል የ1977ቱን ረሃብ አጥንቶ እንዳሳየው ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በመጀመሪያ ምግቡን ቀነሰ፣ ቀጥሎ ያለውን ሸጠ፣ በመጨረሻም ሥራና እህል ፍለጋ አገር ለቀቀ። እያንዳንዱ እርምጃ ሰውየውን ከጉርብትናው መረብ ትንሽ ትንሽ እያራቀው የሚሄድ መሆኑን ማስተዋል ያሻል።

እዚህ ላይ ተረቱ ይገለበጣል። በክፉ ቀን የሚያድነው የሩቅ ዘመድ ነው። በደጋው ልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ክርስቲያኖች አይጋቡም፤ ስለዚህ አባት ለልጁ ሚስት ሲፈልግ ከመንደሩ ርቆ፣ ብዙ ጊዜም ደጋው ከቆላው ጋር ይጋባል። በደጋ ገብስ ሲከዳ በቆላ ማሽላ ሊደርስ ይችላል፤ የአማት ቤት ጎተራ በተለየ ዝናብ የሚሞላ ጎተራ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ወደ ወለጋና ወደ ጅማ የቡና አገር፣ ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሥራ የሚሄደውም ሰው ከእርሱ በፊት የሄደ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ከሌለው መድረሻ የለውም። እንዲህ ያለው ቀጭን ክር በደህና ጊዜ ማንም ልብ አይለውም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሠርግ ወይም በተስካር ብቻ የሚታይ ነው። አሜሪካዊው ማርክ ግራኖቬተር የላላ ትስስር ስላለው ኃይል የጻፈው ጽሑፍ የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወሬና ዕድል ከሩቅ የሚመጣው አዘውትረን ከምናገኛቸው ሳይሆን አልፎ አልፎ ከምናገኛቸው ሰዎች ነው የሚል ነበር። ነገሩ ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ያ ዓመት ወሎ የተራበበት ዓመት ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የወሎን ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የሟቾቹ ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 በሚደርስ ልዩ ልዩ ግምት ተጽፏል። ሕዝቡ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የመጡ ገበሬዎችም ከተማው ሳይገቡ በፖሊስ እንዲመለሱ ተደርገዋል። ወሬውን ከ302 ቀን ባነሰ ጊዜ ያወጣው የመንግሥት መሥመር አልነበረም። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ የሄዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በውጭ አገር ታየ። ገበሬው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ዝምድናም ጉርብትናም አልነበረውም። ይህም ሆኖ ጩኸቱን ያሰሙት እነርሱ ናቸው።

በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ ዓለም ያየው አውራ ጎዳና ያለበትን ወገን ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላና ሳይንት ከአውራ ጎዳናው ርቀው የሚገኙ ስለሆኑ የተራበ ሰው መኪና እስከሚያይበት ቦታ ድረስ ለቀናት መጓዝ ነበረበት። መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ስለነበሩት ረሃቦች በጻፉት መጽሐፍ ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይ ይህ ነው፤ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከሚሰማውና ከሚደርስለት ኃይል ተነጥሎ መኖሩ ጭምር ነው።

የተቆረጠው መረብ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ጭሰኛው ከባላባቱ ተላቀቀ፤ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ከመንደሩ ወደ ላይ የሚሄድ መሥመርም በወረቀት ላይ ተዘረጋ። ይሁን እንጂ በመሥመሩ ወደ ላይ የሚወጣው ወሬ ጥቂት፣ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ ግን ብዙ ሆነ። የገበያ ቁጥጥሩና የእህል ኮታው፣ ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የተጣለው ገደብ ገበሬው ከሩቅ የነበረውን ቀጭን ክር ቆራረጠበት። የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ሰው የሚሄድበት መንገድ ከ1966ቱ ይልቅ የጠበበ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከዚያም ሰፈራው መጣ። መንግሥት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ለማዛወር አቅዶ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ አጓጓዘ። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የወሎ ሰዎች ናቸው። በፈቃዱ የተመዘገበ ነበር፤ እህል ይታደላል ተብሎ ተጠርቶ የተጫነ ነበር፤ ከገበያ ታፍሶ የሄደም ነበር። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ሳይተዋወቁ በተለያየ መኪና ተጭነው በተለያየ አገር ወረዱ። የደጋ ሰው ወባ ባለበት ቆላ ገባ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው አለቀ። ስለ ሰፈራው የሚወጡት ዘገባዎች የሟቾቹን ብዛት ያነሣሉ። ለወሎ ሰው ግን ከብዛቱ እኩል የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ በማያውቀው አገር፣ በማያውቁት ሰዎች መካከል ለሞተ ሰው ማን ይቆፍርለታል?

አሉላ ፓንክረስት በወለጋ ቄቶ ከሰፈሩት ሰዎች ጋር ኖሮ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። የሰፈራው መንደሮች በእቅድ የተሠሩ ነበሩ፤ ቤቱ በመሥመር፣ እርሻው በጋራ፣ ሥራው በነጥብ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡት ሰፋሪዎች ግን እቅዱ ያላሰበውን ሌላ መንደር በመንደሩ ውስጥ መሥራት ጀመሩ። ብቻቸውን የመጡት ፈጥነው ተጋቡ፣ ብዙዎቹም ፈጥነው ተፋቱ። አጥር የሚጋሩ ሴቶች በቡና ተጠራሩ። ክርስቲያኑ ማኅበሩን፣ ሙስሊሙ ዱዓውን አቆመ፤ የቀብር መረዳዳቱም ተመለሰ። በመንግሥት ትእዛዝ የተሠራው የጋራ እርሻ ትእዛዙ ሲነሣ ፈረሰ፤ ማንም ያላዘዘው የቡናና የቀብር ትስስር ግን ቆየ። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና የእርሻ ባለሙያው በአንድ መንደር አቋቁም ላይ ሲመክሩ ውሃውን፣ ክሊኒኩንና መሬቱን ያስባሉ፤ ጎረቤት የሚሆነው ሰው ማን እንደሆነ ግን በየትኛውም ፎርም ላይ አይጠየቅም። በ1977 ዓ.ም. አንድ ቅሬ ሙሉ አብሮ እንዲሰፍር ቢደረግ ኖሮ ስንት ሕይወት ይተርፍ እንደነበር ለመገመት አይቻልም፤ የብቸኝነቱ ሸክም ግን ይቀል እንደነበር አያጠራጥርም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ወሎ ተመለሱ። መሬታቸው ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር መልካቸውን የሚያውቅ እንጂ ቦታ የሚለቅላቸው አላገኙም። ሌሎቹ በሄዱበት ቀርተው ወለዱ።

ከዚያ ወዲህ

ከዚያ ወዲህ በደጋው የተደረጉት ጥናቶች ደስ የሚያሰኝም የሚያሳስብም ነገር ያሳያሉ። ለጋምቦን ጨምሮ በደቡብ ወሎ ልዩ ልዩ ቦታዎች ከሰኔ 1989 እስከ ሰኔ 1995 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ በመመርመር ፒተር ሊትልና ባልደረቦቹ ያወጡት ጽሑፍ እንደሚለው፣ በመካከሉ ከባድ ድርቅ ቢደርስም የድሃው ብዛት እምብዛም አልተለወጠም፤ ከሁሉ የደኸዩት ኑሯቸው ጥቂት ቢሻሻልም ከድህነት የሚያወጣ አልሆነም። ሰዎቹ እየተንቀሳቀሱ ባሉበት ቆዩ። መቀናጆውና ርቢው ሰውን ከወደቀበት እንዲነሣ ይረዳዋል፤ ከነበረበት በላይ ከፍ እንዲል ግን አያደርገውም፤ ምክንያቱም የሚጋሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ከፍ ማለት የፈለገ ወጣት ስለዚህ ዓይኑን ወደ ሩቅ ጣለ። ደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር ከፍተኛ ፍልሰት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ፍልሰቱም የሚሄደው በሰንሰለት ነው። አንዲት ልጅ ሄዳ ለወላጆቿ የቆርቆሮ ቤት ካሠራች የአክስቷ ልጅ ትከተላለች፤ የጎረቤቷ ልጅ ደግሞ ለደላላ የሚከፈል ገንዘብ ትበደራለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የማያንሱ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ባስወጣች ጊዜ ብዙ ቤት ዕዳ ብቻ ታቅፎ ቀረ። ቀድሞ ዓመት ሙሉ በገበሬው ልጅ ጠባይ ላይ ይፈርድ የነበረው የመንደሩ አፍ አሁን ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን ላከ በሚል መመዘኛ ይፈርዳል። መረቡ ያው ነው፤ የሚያስከብረው ነገር ግን ተለወጠ።

መንግሥትም የትስስርን ኃይል አልዘነጋም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ እማወራዎች በልማት ቡድንና «አንድ ለአምስት» በተባለ አደረጃጀት እንዲታሰሩ ተደረገ። መጸዳጃ ቤት በመቆፈር፣ ሕፃናትን በማስከተብ፣ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ በማድረግ ረገድ የተገኘው ውጤት የሚናቅ አይደለም። ሆኖም አደረጃጀቱ ለጤናም ለግብርም ለፖለቲካም የሚያገለግል ስለሆነ ሰው በአንዱ ሲጠራ ስለ ሌላው ይጠራጠር ነበር። ከዚያ በፊት፣ በኤች አይ ቪ ዘመን፣ ሌላ መንገድ ታይቶ ነበር። ዳመን ኃይለ ማርያምና አሉላ ፓንክረስት በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ዕድር ባወጡት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ለሙታን የተቋቋመ ማኅበር ለታመሙትና ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል፤ በከተሞችም አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታማሚው በሕይወት ሳለ መርዳት ጀምረዋል። ለሞት የተዋጣን ገንዘብ ለሕይወት ማዋል ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ባዋጡት ሰዎች ፈቃድ መሆኑ ግን ከአደረጃጀት ትእዛዝ የተለየ ያደርገዋል። የገጠሩን ቅሬ በዚህ መልክ የሚያይ ባለሙያ እስካሁን የሚበዛ አይደለም።

ሰፈራው ግን ገና አላበቃም ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ተገደለ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ተፈናቅሎ ወደ አማራ ክልል መጣ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በተባለ ቦታ ከተጨፈጨፉት መካከል ከዓመታት በፊት ከወሎ ተወስደው የሰፈሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ይገኙበታል። በወለጋ ለአርባ ዓመት ያህል የተሠራው ጉርብትና፣ ከኦሮሞው ጎረቤት ጋር የነበረው ቡናና አበልጅነት ጭምር፣ በጥቂት ወራት ተበተነ። የተረፉት በሐይቅና በሌሎች የወሎ ቦታዎች በተዘጋጁ መጠለያዎች ገቡ። ወላጆቻቸው በ1977 ዓ.ም. በመኪና ተጭነው ከሄዱበት አገር መመለሳቸው ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን በዚያ አገር አልተወለዱም፤ ወሎን የሚያውቁት በእናት አባቶቻቸው ወሬ ብቻ ነበር፤ በመጠለያው ድንኳን ውስጥ ለሞተባቸው ሰው የሚጣራ ቅሬም አልነበራቸውም።